ዲናሞው ለምን ውሃ አላወጣም? ለ18 ሜትር የእጅ ጉድጓድ የፓምፕ አመራረጥና አተካከል

ጥያቄው ይህ ነው፦ «ሱሉልታ ባለው ግቢያችን 18 ሜትር ጥልቀትና 1.2 ሜትር ስፋት ያለው የእጅ ጉድጓድ አስቆፍሬያለሁ። ጥር ላይ ስለካው ውሃው ከአፉ 9 ሜትር ዝቅ ብሎ ነበር። ባለ 1 ፈረስ ጉልበት ዲናሞ ገዝቼ ጉድጓዱ አፍ ላይ ባስተክለውም እየጮኸ ይውላል እንጂ ውሃ አያወጣም። ሻጩ 'ባለ 2 ፈረስ ጉልበት ቀይር' ይለኛል። ባለ 2,000 ሊትር ሮቶ በ6 ሜትር የብረት ማማ ላይ ማስቀመጥ እፈልጋለሁ። ቤተሰባችን ስድስት ነው። የሽንት ቤታችን ጉድጓድ ከውሃው 14 ሜትር ይርቃል። ምን ላድርግ?»

ባለ 2 ፈረስ ጉልበቱን አይግዙ። ባለ 5 ቢያመጡም እዚያው አፉ ላይ እስከተቀመጠ ድረስ ከ9 ሜትር ጥልቀት ውሃ አያወጣም። የጎደለው ጉልበት አይደለም፤ ቦታው ነው የተሳሳተው። ለጊዜው ዲናሞውን ያጥፉት። ያለ ውሃ በተሽከረከረ ቁጥር የዘንጉ ማሸጊያ፣ ባለሙያዎች «ሲል» የሚሉት፣ ይቃጠላል። ይህ ዕቃ የሚቀዘቅዘው በሚያልፍበት ውሃ ነው። ዲናሞው ኋላ ሥራ ስላለው በጤናው ይቆይ።

ዲናሞ ውሃ ይስባል እንላለን። እሱ ግን የሚችለው በመምጠጫው ቧንቧ ውስጥ ያለውን ግፊት መቀነስ ብቻ ነው። ውሃውን ወደ ላይ የሚገፋው ጉድጓዱ ውስጥ ባለው ውሃ ላይ የተጫነው አየር ነው። በባሕር ጠለል ላይ ይህ አየር ውሃን ቢበዛ 10.3 ሜትር ያነሣል። ሱሉልታ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፤ ጣሪያውም ወደ 7.5 ሜትር ይወርዳል። ይህም ቢሆን ቧንቧው ቅንጣት አየር የማያስገባ ከሆነና ምንም የሚባክን ግፊት ከሌለ ነው። የፉት ቫልቩ (በመምጠጫው ቧንቧ ጫፍ ውሃው እንዳይመለስ የሚይዘው)፣ የክርኑና የቧንቧው ሰበቃ ሲቀነስ የሚተማመኑበት 5 ሜትር ገደማ ይቀራል። ካርቶኑ ላይ «መምጠጫ 8 ሜትር» ተብሎ የሚጻፈው በባሕር ጠለል ላይ ላለ አገር ነው። ድሬዳዋ ላይ ከ6 ሜትር ያለ ችግር የሚያወጣ ዲናሞ ሱሉልታ ሲመጣ እምቢ የሚለው በዚህ ምክንያት ነው። ሻጮች ይህን ቢያውቁ ብዙ ሰው ከከንቱ ወጪ ይድን ነበር።

መግፋት ግን እንዲህ ያለ ጣሪያ የለውም። ስለዚህ ፓምፑ ውሃው ውስጥ ገብቶ ከታች ወደ ላይ መግፋት አለበት። ይህ ነው ሰብመርሲብል ወይም ጠላቂ ፓምፕ የሚባለው። ሁለት ቧንቧ ወደ ጉድጓዱ የሚወርድለት የጄት ዲናሞ የሚባል አማራጭም አለ፤ ከ20 ሜትርም ያወጣል። ነገር ግን ካወጣው ውሃ ብዙውን መልሶ ወደ ታች ስለሚልክ ኮረንቲ ይበላል፣ ውሃው ያንሳል። ዛሬ ጠላቂ ፓምፕ በየገበያው እያለ አልመክረውም።

ፓምፕ ከመግዛትዎ በፊት ጉድጓዱን ይወቁት። ጥር ላይ 9 ሜትር የነበረው ውሃ ግንቦት ላይ 9 ሜትር ላይ አያገኙትም። በደጋው አገር የእጅ ጉድጓድ ውሃ ከክረምት መውጫ ጀምሮ ሲወርድ ይከርምና ክረምቱ ሊገባ ሲል ታች ይደርሳል። ስለዚህ ዕቅድዎ የጥርን ሳይሆን የግንቦትን ውሃ ይዞ ይሁን። በክር ጫፍ ድንጋይ ወይም ብሎን አስረው በየወሩ አንድ ቀን፣ ጠዋት ማንም ውሃ ሳይቀዳ፣ ይለኩና ይጻፉት። ይህ ቀላል ልማድ በኋላ ለሚመጣ ባለሙያ ሁሉ ከምንም በላይ የሚጠቅም መረጃ ነው።

ሁለተኛው መለካት ያለበት ጉድጓዱ በምን ፍጥነት እንደሚሞላ ነው። የ1.2 ሜትር ስፋት ያለው ጉድጓድ በእያንዳንዱ ሜትር ቁመት 1,130 ሊትር ያህል ይይዛል። በኪራይ ጠላቂ ፓምፕ ውሃውን 2 ሜትር ያውርዱት፣ ያጥፉ፣ ከዚያ በየ10 ደቂቃው ለአንድ ሁለት ሰዓት ይለኩ። በአንድ ሰዓት 20 ሳንቲ ሜትር ከሞላ 226 ሊትር በሰዓት ነው። ትንሽ ይመስላል፤ በ24 ሰዓት ሲባዛ ግን ከ5,000 ሊትር ይበልጣል። ውሃው ወደ ላይ በቀረበ ቁጥር አሞላሉ ስለሚዘገይ ግማሹን ብቻ ይተማመኑበት። ስድስት ሰው እያንዳንዱ በቀን 80 ሊትር ቢጠቀም 480 ሊትር ነው፤ ልብስ ማጠቢያና ትንሽ ጓሮ ሲጨመር 700 ሊትር ይበሉት። እንግዲህ እንዲህ ያለ ደካማ ጉድጓድ እንኳ ለእናንተ ይበቃል። ቤተሰብን ውሃ የሚያስጠማው ብዙ ጊዜ የጉድጓዱ ድክመት ሳይሆን በአንድ ጊዜ ጠራርጎ የሚያወጣ ከመጠን ያለፈ ፓምፕ ነው።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። ክፉው ቀን ላይ ውሃው 13 ሜትር ወርዶ ይገኛል እንበል። ባዶውን ሮቶ አንዴ ሲሞሉ 2,000 ሊትር ለ1,130 ሲካፈል፣ ጉድጓዱ በዚያ ጊዜ ምንም ባይተካ እንኳ ውሃው ከ1.8 ሜትር በታች ነው የሚወርደው። ስለዚህ 15 ሜትር እንያዝ። የሮቶው መግቢያ በ6 ሜትር ማማ ላይ ሲሆን ከመሬት 8 ሜትር ገደማ ይሆናል። ከጉድጓዱ እስከ ማማው ያለውን አግድም መንገድ ጨምሮ ቧንቧው በጠቅላላ 50 ሜትር ቢሆን፣ በሰዓት 1,500 ሊትር ሲያልፍበት ባለ 32 ሚሊ ሜትር የኤችዲፒኢ (ጠንካራ የፕላስቲክ) ቧንቧ ሰበቃው ከነመገጣጠሚያው 2 ሜትር ያህል ነው። ድምሩ 25 ሜትር ነው፤ ለእርጅናና ለቮልቴጅ መውረድ መጠባበቂያ ጨምረው 28 እስከ 30 ሜትር ያድርጉት። በሰዓት 1,500 ሊትር በ28 ሜትር ለማንሣት ውሃው ራሱ የሚፈልገው ጉልበት 115 ዋት ገደማ ነው፤ ትንንሽ ፓምፖች ከሚበሉት ኮረንቲ ሲሶውን ያህል ብቻ ወደ ሥራ ስለሚለውጡ 350 ዋት ይበሉት። ይህ ባለ 0.5 ፈረስ ጉልበት፣ ማለትም ባለ 0.37 ኪሎ ዋት ሞተር ነው። ሻጩ ካለዎት ሩብ መሆኑ ነው።

ባለ ግማሽ ፈረስ ጉልበቱ ሮቶውን በአንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ይሞላዋል። በሁለት ወይም በሦስት ቀን አንዴ ለሚሞላ ሮቶ ከዚህ በላይ መፍጠን ምን ይጠቅማል?

ፓምፕ ሲገዙ አካሉ ላይ በተለጠፈው የመረጃ ሳህን ላይ ሁለት ቁጥሮች ያያሉ፤ ከፍተኛ ቁመትና ከፍተኛ የውሃ መጠን። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። «60 ሜትር፣ 3,000 ሊትር በሰዓት» ማለት 3,000 ሊትር ወደ 60 ሜትር ያወጣል ማለት አይደለም። 60 ሜትር ላይ ምንም ውሃ አይወጣም፤ 3,000 ሊትር የሚወጣውም ምንም ከፍታ በሌለበት ነው። እውነተኛው ሥራ ሁለቱ መሐል ነው። ስለዚህ ሻጩን የፓምፑን ሠንጠረዥ ወይም ከርቭ እንዲያሳይዎ ይጠይቁና «በ28 ሜትር ላይ ስንት ሊትር?» ይበሉት። ከፍተኛ ቁመቱ ከ45 እስከ 50 ሜትር የሆነ ባለ 4 ኢንች ፓምፕ ብዙውን ጊዜ እዚህ ይገጥማል። ሠንጠረዥ የሌለውን ፓምፕ አይግዙ። ለ100 ሜትር የተሠራ ፓምፕ በ25 ሜትር ላይ ሲሠራም ጥሩ አይደለም፤ የሚከለክለው ስለሌለ ከመጠን በላይ ውሃ ይገፋል፣ ሞተሩ ከመጠን በላይ አምፒር ይስባል፣ ጉድጓዱም ቶሎ ይደርቃል።

በቧንቧው ላይ አይቆጥቡ። ሰው ብዙ ገንዘብ ለፓምፕ አውጥቶ ቤት ውስጥ የተረፈውን ግማሽ ኢንች ቧንቧ ይቀጥላል። ያው 1,500 ሊትር በባለ 20 ሚሊ ሜትር ፒፒአር 50 ሜትር ሲሄድ የሚባክነው ግፊት ወደ 40 ሜትር ይደርሳል። ማማዎን 40 ሜትር ከፍ እንዳደረጉት ይቁጠሩት። ባለ 25ቱም ቢሆን 10 ሜትር ገደማ ይበላል። ከፓምፑ እስከ ሮቶው ሙሉውን ባለ 32 ሚሊ ሜትር ይሁን፤ ጉድጓዱ ውስጥ የሚወርደው ደግሞ ባለ 10 ባር ወይም ከዚያ በላይ የሆነ፣ መሐሉ ቅጥያ የሌለው አንድ ወጥ ኤችዲፒኢ ይሁን። ጋልቫናይዝድ ብረት ጠንካራ ነው፣ ነገር ግን ክብደቱ ለማውጣት ጉልበተኛ ሰዎችና ሦስት እግር መስቀያ ይጠይቃል፤ ክሩም ላይ ይዝጋል። ኤችዲፒኢውን ሁለት ሰው በእጁ ያወጣዋል። ፓምፑ ራሱ 10 ኪሎ ገደማ ቢሆን፣ ቧንቧው ውስጥ የሚቀረው ውሃ ሌላ 10 ኪሎ ይጨምራል።

አወራረዱ እንዲህ ነው። ፓምፑ አፍ ላይ ውሃው ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚከለክል ነሐስ ቼክ ቫልቭ ይኑር፤ አብሮት የተሠራ ካለ በቂ ነው፣ የፕላስቲክ ከሆነ ግን ይቀይሩት። የፓምፑን ጆሮዎች በሁለቱም በኩል ይዞ የሚወርድ ባለ 8 ሚሊ ሜትር የናይለን ገመድ ወይም ባለ 4 ሚሊ ሜትር የማይዝግ የብረት ገመድ ይሰሩለት። ጠላቂ ፓምፕ በኤሌክትሪክ ገመዱ ፈጽሞ አይንጠለጠልም። የኤሌክትሪክ ገመዱን በየ2 ሜትሩ ከቧንቧው ጋር በማሰሪያ ያያይዙ፣ ትንሽ ላላ ብሎ ይውረድ፤ ቧንቧው በክብደቱ ሲለጠጥ ገመዱ እንዳይወጠር ነው። የፓምፑ መምጠጫ ከጉድጓዱ ወለል ቢያንስ 1.5 ሜትር ከፍ ይበል፣ ማለትም 16.5 ሜትር ላይ። ወለሉ ላይ የሚያርፍ ፓምፕ አሸዋና ጭቃ እየጠጣ በወራት ውስጥ ይበላል። ከመምጠጫው በላይ ደግሞ ሁልጊዜ ቢያንስ 1 ሜትር ውሃ መኖር አለበት። በእኛ ሒሳብ ክፉው ቀን ላይ 15 ሜትር ስለሆነ 1.5 ሜትር ይተርፋል። ግንቦት ላይ ይህ ትርፍ ከሌለ መፍትሔው ፓምፑን ማውረድ ሳይሆን ጉድጓዱን ማጥለቅ ነው።

ባለ 4 ኢንች ጠላቂ ፓምፕ የተሠራው ለጠባብ ጥልቅ ጉድጓድ ነው፤ እዚያ ውሃው ሞተሩን እየዳሰሰ ወደ መምጠጫው ስለሚወጣ ያቀዘቅዘዋል። ሰፊ የእጅ ጉድጓድ ውስጥ ግን ውሃው ከጎን ይገባና ሞተሩ በረጋ ውሃ ውስጥ ይቀራል። ለዚህ መፍትሔው ርካሽ ነው፤ ፓምፑን ከነሞተሩ ባለ 125 ሚሊ ሜትር የፒቪሲ ቧንቧ ያልብሱት። ከመምጠጫው በላይ ላይኛው ጫፍ ይዘጋ፣ የታችኛው ከሞተሩ ዝቅ ብሎ ክፍት ይሁን። ውሃው ከታች ገብቶ ሞተሩን ሳይዳስስ ወደ መምጠጫው መድረሻ አይኖረውም። ትንሽ ሞተር በደጋ ቀዝቃዛ ውሃ ያለዚህም ሊኖር ይችላል፤ ለአንድ ሜትር ፒቪሲ ብሎ ግን ዕድል መሞከር አያስፈልግም።

ኤሌክትሪኩ ላይ ረዘም ብዬ እሄዳለሁ። ጠላቂ ፓምፕ የሚሞተው ብዙውን ጊዜ እዚህ ነው፤ ሰውም ጭምር። ከብሬከሩ እስከ ፓምፑ 50 ሜትር ለሆነ ባለ ግማሽ ፈረስ ጉልበት ባለ 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ገመድ ይበቃል፤ ርቀቱ ከዚያ ከበለጠ ባለ 2.5 ያድርጉት። ገመዱ ውሃ ውስጥ ለመኖር የተሠራ ይሁን። ከፓምፑ ጋር የመጣው ገመድ አጭር ከሆነና መቀጠል ካለበት ቅጥያው በሚሞቅ መሸብሸቢያ ከነሙጫው ወይም በሬዚን ይታሸግ። በተለመደው ጥቁር ቴፕ ብቻ የተጠቀለለ ቅጥያ ውሃ ሥር ጥቂት ወራት አይቆይም፤ የውሃው ግፊት በቴፑ ሥር ያስገባዋል። ለፓምፑ ብቻ የተለየ ብሬከር፣ ባለ 30 ሚሊ አምፒር የኮረንቲ ፍሳሽ መከላከያ፣ እና መሬት ውስጥ የተቀበረ ዘንግ ያለው የመሬት ሽቦ ሦስቱም ይኑሩ። የጉድጓዱ ውሃ ልጆች የሚቀዱት ውሃ ስለሆነ ይህን «በኋላ እናስገባዋለን» አይባልም።

የማታው ቮልቴጅ ሌላው ጠላት ነው። ለ220 ቮልት የተሠራ ሞተር 180 ሲደርሰው ያንኑ ውሃ ለማንሣት ብዙ አምፒር ይስባልና ይጋያል። ከ195 በታችና ከ245 በላይ የሚቆርጥ የቮልቴጅ መከላከያ ይግጠሙለት፤ መብራት ሲመለስ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ የሚያዘገይም ይሁን። መብራት ሲመጣ የሚከተለው መወዛወዝ እስኪረጋ መጠበቅ ነው ዓላማው። ስታቢላይዘር ከገዙ ሞተሩ ሲነሣ ከመደበኛው አራት አምስት እጥፍ አምፒር እንደሚስብ አይርሱ፤ ለመብራትና ለቴሌቪዥን የሚበቃው ለፓምፕ አይበቃም። ጄኔሬተርም ከሆነ ያው ነው፤ በተጨማሪ ሱሉልታን በመሰለ ከፍታ የቤንዚን ጄኔሬተር ጉልበቱን ሩብ ያህል ያጣል። ለዚህ ፓምፕ ከ2 ኪሎ ቮልት አምፒር በታች አይሂዱ። በእናንተ ሁኔታ የሚሻለው ግን ማማው ላይ ያለው ሮቶ ነው፤ ቮልቴጁ ጥሩ በሆነበት ረፋድ ሞልተው መብራት ባይኖርም ሦስት ቀን ይጠቀማሉ።

ደረቅ መሽከርከርን የሚከላከለው የጉድጓዱ ውስጥ የውሃ ደረጃ መቆጣጠሪያ ነው። በገመድ የሚንሳፈፍ ፍሎት በጠባብ ቦታ ከቧንቧው ጋር ይጠላለፋል፤ ባለ ሦስት ኤሌክትሮድ (ውሃ ሲነካቸው የሚለዩ ዘንጎች) መቆጣጠሪያ ይሻላል። አንዱ የጋራ ሆኖ ከሌሎቹ በታች ይወርዳል፤ ማጥፊያው ከመምጠጫው 1 ሜትር ከፍ ብሎ፣ ማብሪያው ከእሱ 1.5 ሜትር ከፍ ብሎ ይሰቀላል። ሮቶው ውስጥ ደግሞ ኤሌክትሪክ የሚቆርጥ ፍሎት ይግባና ከጉድጓዱ መቆጣጠሪያ ጋር በተከታታይ ይያያዝ፤ ሁለቱም ሲፈቅዱ ብቻ ፓምፑ ይነሣል። ለቧንቧ ውሃ የምንጠቀመውን ሜካኒካል ኳስ እዚህ አይግጠሙ። ሮቶው ሲሞላ ኳሱ ይዘጋል፣ ፓምፑ ግን መግፋቱን አያቆምም፤ በተዘጋ ቧንቧ ላይ ሲገፋ ውስጡ ያለው ውሃ ይፈላና የፕላስቲክ ክንፎቹ ይቀልጣሉ።

የሞላ ሮቶ ከ2,000 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ማማው በብየዳ ባለሙያ እጅ ብቻ ሳይሆን በመሠረቱም ይጽና፤ እያንዳንዱ እግር በኮንክሪት መሠረት ላይ ይቁም፣ ሰያፍ ማጠንከሪያ በአራቱም ጎን ይኑረው። የሮቶው ወለል ሙሉ በሙሉ በላሜራ ወይም በወፍራም ጣውላ ላይ ይረፍ፤ በብረቶች መሐል ከተንጠለጠለ ፕላስቲኩ ይጎብጥና መውጫው ላይ ይሰነጠቃል። የመትረፊያው ቧንቧ ከመግቢያው ይስፋ፤ ጫፉ በወንፊት ይሸፈን። የቤቱ መውጫ ከወለሉ 10 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ፣ ከሥሩ የተለየ የማጠቢያ ቫልቭ ይኑር። ከ6 ሜትር ማማ የሚያገኙት ግፊት 0.6 ባር ያህል ነው። ለቧንቧና ለሽንት ቤት ይበቃል፤ እስከ ቤቱ ድረስ ባለ 32 ቧንቧ ካወረዱ ሻወሩም ደህና ይሆናል። ፎቅ ካለዎት ወይም የሻወር ማሞቂያዎ ግፊት ካነሰው፣ ያ የገዙት ዲናሞ ሥራ የሚያገኘው አሁን ነው። ከሮቶው ሥር፣ ውሃው በራሱ ክብደት ወደ እሱ እየወረደ፣ ግፊት እንዲጨምር ያስገቡት። የመሳብ ችግር የለበትም።

የመጀመሪያው ቀን ውሃውን ወደ ሮቶው አይላኩ። ቫልቩን በከፊል ከፍተው ወደ ሜዳ ያፍስሱት፤ በነጭ ባልዲ ቀድተው ሥሩ አሸዋ እስኪጠፋ ይጠብቁ። ኤሌክትሪክ ሠራተኛው በክላምፕ ሜትር አምፒሩን ይለካና ሳህኑ ላይ ከተጻፈው ጋር ያስተያይ፤ ቁጥሩን ከቮልቴጁና ከውሃው ደረጃ ጋር ብሬከሩ ሳጥን ውስጥ ይጻፉት። በኋላ አንድ ነገር ሲበላሽ የምናነበው እሱን ነው። አምፒሩ ቀንሶ ውሃውም ካነሰ ፓምፑ አየር እየጠጣ ወይም ክንፎቹ ተበልተው ነው። አምፒሩ ደህና ሆኖ ውሃው ካነሰ ቧንቧው ቀዳዳ አግኝቷል። ሞተሩ «እም» ብሎ ሳይነሣ ከቀረ ፓምፑን ከማውጣትዎ በፊት የመቆጣጠሪያ ሳጥኑን ካፓሲተር ያስለውጡ፤ ከሁሉ የሚረክሰውና ቀድሞ የሚሞተው እሱ ነው። ፓምፑ ከጠፋ በኋላ ውሃ ወደ ጉድጓዱ ሲወርድ ከተሰማ ቼክ ቫልቩ ቆሻሻ ነክሶበታል።

ጉድጓዱን ማጥለቅ ወይም ማጽዳት ካስፈለገ ሥራው በግንቦት ይሁን፤ ያኔ የተገኘ ውሃ ዓመቱን ሙሉ ይኖራል። ግን እባክዎ ይህን በጥብቅ ይያዙ፦ ለረጅም ጊዜ ተዘግቶ የቆየ ጉድጓድ ውስጥ ማንም በድንገት አይግባ። ከአየር የሚከብድ ጋዝ ሥሩ ይጠራቀማል፣ ሰው በደቂቃ ይወድቃል፣ ሊያወጣው የገባውም ተከትሎት ይወድቃል። ክዳኑን አንድ ቀን አስቀድመው ይክፈቱ፣ በነፋስ ማስገቢያ ያናፍሱ፣ ሻማ በባልዲ አውርደው ይዩ። ሻማው ከጠፋ መግባት የለም። ሻማው ባይጠፋም ጉድጓዱ ውስጥ ወይም አፉ ላይ የቤንዚን ሞተር ከተነሣ መግባት የለም፤ የጭሱን መርዝ ሻማ አይናገርም። የሚገባው ሰው ወገቡ ላይ ገመድ ይኑረው፣ ላይ ሁለት ጎልማሶች ይቁሙ፣ የፓምፑ ብሬከር ወርዶ ይቆለፍ።

በ1992 ዓ.ም. የወጣው የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 በእጅ የሚቆፈር ጉድጓድን ከፈቃድ ነጻ አድርጓል። በመሣሪያ ወደ ጥልቅ ጉድጓድ ከተሸጋገሩ ግን ነገሩ ይለወጣል፤ ከመዋዋልዎ በፊት የአካባቢዎን የውሃ ቢሮ ይጠይቁ፣ ቆፋሪውም የሥራ ፈቃድ እንዳለው ይዩ።

አሁን በጣም ወደሚያሳስበኝ። የሽንት ቤቱ ጉድጓድ 14 ሜትር መሆኑ ቅርብ ነው፤ የሚመከረው ቢያንስ 30 ሜትር ነው፤ ሽንት ቤቱ ከውሃው በላይ ባለ ተዳፋት ላይ ከሆነ ደግሞ ከዚያም ይራቅ ይባላል። ከአጥር ማዶም ይመልከቱ። የጎረቤት ሽንት ቤት ከእርስዎ አጥር 3 ሜትር ላይ ከሆነ የእናንተን ብቻ ማራቅ አይጠቅምም። የሚችሉትን ያድርጉ፦ የሽንት ቤቱን ጉድጓድ ውሃ በማያሳልፍ ኮንክሪት ያስገንቡና በቦቴ ይመጠጥ። የውሃውን ጉድጓድ ላይኛውን 3 ሜትር ዙሪያውን በኮንክሪት ቀለበት ይግጠሙ፣ ከቀለበቱ ጀርባ ያለውን ክፍተት በሸክላ አፈር ወይም በሲሚንቶ ይሙሉ። አፉ ከመሬት 50 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል፣ ዙሪያውን 2 ሜትር ስፋት ያለው ወደ ውጭ የሚያዘቀዝቅ የሲሚንቶ ወለል ይኑረው፣ ክዳኑም የሚቆለፍ ይሁን። የላይኛው ጎርፍና የላም እበት የሚገባው በዚህ በኩል ነው።

ተከላው ሲያልቅ ጉድጓዱ በክሎሪን ይታጠባል። ለእናንተ ስፋት በእያንዳንዱ ሜትር የውሃ ቁመት 1.1 ሊትር ባለ 5 ፐርሰንት ሽታ የሌለው በረኪና ወይም 90 ግራም ባለ 65 ፐርሰንት የክሎሪን ዱቄት ያስፈልጋል። ውሃው 9 ሜትር ከሆነ 10 ሊትር በረኪና ወይም 800 ግራም ዱቄት ነው። በባልዲ ውሃ በጥብጠው ግድግዳውን እያጠቡ ያፍስሱ፤ እያንዳንዱን ቧንቧ የክሎሪን ሽታ እስኪመጣ ከፍተው ይዝጉ፤ 24 ሰዓት ያቆዩ፤ ከዚያ ሽታው እስኪጠፋ ወደ ሜዳ ያፍስሱት፤ አትክልት ላይና ሴፕቲክ ውስጥ አይግባ። የደፈረሰ ውሃ ክሎሪኑን ራሱ ስለሚበላው ጉድጓዱ አስቀድሞ መጽዳት አለበት። ይህ እጥበት የግንባታውን ቆሻሻ ይገድላል፤ ከሽንት ቤት በየቀኑ የሚሠርገውን ግን አያቆምም።

ከአንድ ሁለት ሳምንት በኋላ፣ ክሎሪኑ ፈጽሞ ሲያልቅ፣ ናሙና ከላቦራቶሪ በተሰጠዎት ንጹሕ ጠርሙስ ቀድተው በበረዶ ሣጥን በዚያው ቀን ያድርሱ። ኢ. ኮላይ (ከዓይነ ምድር የሚመጣ ባክቴሪያ)፣ ናይትሬት፣ ብረትና ማንጋኒዝ ይመርመርልኝ ይበሉ። ዝዋይን፣ መቂን፣ ወንጂን በመሳሰለ በስምጥ ሸለቆ ላለ ጉድጓድ ፍሎራይድ ከሁሉ ይቀድማል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። ኢ. ኮላይን ማፍላትና ክሎሪን ይገድሉታል፤ ናይትሬትንና ፍሎራይድን ግን ማፍላት አይቀንስም፤ ውሃው ሲተን ይብስ ያበዛቸዋል። ናይትሬት በሊትር ከ50 ሚሊ ግራም ከበለጠ ከስድስት ወር በታች ያለ ሕፃን ወተት በዚህ ውሃ አይበጥበጥለት፤ ደሙ ኦክስጅን መሸከም ያቅተዋል።

ውጤቱ እስኪመጣ ይህ ውሃ ለልብስ፣ ለሽንት ቤት፣ ለጓሮ ይሁን። የሚጠጣውን በውሃ አጋር (የውሃ ማከሚያ ክሎሪን) ወይም በማፍላት ያክሙት። ቤት ውስጥ ሕፃን ካለ ለእሱ ከሌላ የታወቀ ምንጭ ይቅዱ። ከዚያ በኋላ ምርመራውን በዓመት ሁለት ጊዜ ይድገሙት፤ አንዱን በነሐሴ፣ መሬቱ ጠግቦ የሽንት ቤቱ ጉድጓድ ሲያፈስስ፤ ሌላውን በግንቦት፣ ውሃው አንሶ ያለው ሁሉ ሲጠራቀም።